የሁለት ግራም ዕቃ ጣጣ፦ ቴምብርና ካርድ ለባሕር ማዶ ገዢ ስንልክ

እንደሚታወቀው ስለ ወጪ ንግድ ስንማር ምሳሌዎቻችን ሁሉ በኩንታልና በኮንቴይነር የሚለኩ ናቸው፤ ቡና፣ ሰሊጥ፣ የቁም ከብት፣ አበባ። በአንድ ፖስታ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ፣ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ሁለት ግራም እንኳ የማይሞላ ዕቃ ግን ወጪ ንግድ አይመስለንም። ይሁን እንጂ እዚሁ ጊንጪም ሆነ አምቦ ከአያቱ የቀረ የቴምብር አልበም ያለው፣ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለውጭ አገር ሰብሳቢ የሚያሳይ ወጣት አይጠፋም። ሰብሳቢው ያያል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻም "ላክልኝ" ይላል። የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ ከ"ላክልኝ" በኋላ ያለው ጣጣ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጣጣ በብዛት የሚነሳው የስፖርተኞችና የጨዋታ ካርዶችን በሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ነው። የቤዝቦል፣ የእግር ኳስ፣ የፖክሞን ካርድ የሚባሉት ማለት ነው። መጠናቸው ወደ 6 ተኩል በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካርቶን ናቸው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ያሳተመው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል አንድ ካርድ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያን ያህል ያወጣው ካርቶኑ ልዩ ስለሆነ አይደለም፤ 70 ዓመት ሙሉ አራቱም ማዕዘኖቹ ሳይታጠፉ ስለቆዩ ነው። የካርድን ሁኔታ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ አንዲት ማዕዘን ትንሽ ከተጎነበሰች ነጥቡ ይወርዳል፣ ከነጥቡ ጋር ዋጋውም ይወርዳል። እንግዲህ ዋጋው ያለው በማዕዘኑ ላይ ከሆነ፣ በጆንያና በፖስታ ማሽን መካከል ለሚያልፍ ዕቃ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አስቡት።

እኛ ዘንድ ካርድ ብዙም የለም። ያለን ቴምብር ነው፤ አንዳንዱም የድሮ ገንዘብ አለው። ጣጣው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ትንሽ፣ ቀላል፣ በቀላሉ የሚበላሽ፣ ዋጋውም ለማያውቀው ሰው ዓይን የማይታይ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ኩንታል ቡና ቢጠፋ ማንም ሰው ጥፋቱን ያየዋል። አንዲት ቴምብር ብትጠፋ ግን የጠፋው ምን እንደሆነ የሚመሰክር ነገር ከሌለ "ወረቀት ጠፋ" ብቻ ነው የሚባለው።

ስለ ቴምብሮቻችን ጥቂት

አገራችን የፖስታ አገልግሎት ያቋቋመችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፈረንሳዊው ቀራጭ ኧዤን ሙሾን ተሠርተው ፓሪስ ታተሙ። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ ዘውድ የደፋው አንበሳ አለ። ብዙ ሰው እነዚህን ሲያገኝ "ሀብታም ሆንኩ" ይላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ስለቀሩ ያልተሠራባቸው እስከ ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ዋጋቸው የሚጨምረው በትክክለኛ የዘመኑ ማኅተም የተመቱትና በተለይም ከነፖስታው የቀሩት ናቸው። ስለዚህ ቴምብሩን ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ በውኃ ነክሮ የሚያላቅቅ ሰው ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት፤ ያላቀቀው ቴምብሩን ሳይሆን ዋጋውን ነው።

ከነፖስታው ያለው ለምን እንደሚወደድ ማወቅ ለርእሳችንም ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ዘግይታ፣ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ኅብረቱ ራሱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊስ ከተማ በበርን ነበር። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የምኒልክ ቴምብር ከአገር ውጭ ዋጋ አልነበረውም። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚጻፍ ደብዳቤ እስከ ጠረፍ ድረስ በኢትዮጵያ ቴምብር ይሄድና ከዚያ ወዲያ ለመጓዝ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። የሁለት አገር ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፈባቸው እነዚህ ፖስታዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ናቸው። አባል መሆን ያመጣው ለውጥ ቴምብሩ መከበሩ ብቻ አይደለም። የላክነው ቢጠፋ "የት ገባ?" ብለን የመጠየቅና ካሳ የማግኘት መብትም የመጣው በኅብረቱ ስምምነት ነው። የኅብረቱ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ ፈረንሳይኛ በመሆኑ "ሬኮማንዴ" የሚለው ቃልም በዚያው መንገድ እኛ ዘንድ ገብቶ ቀረ።

ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከጊንጪ የተላከ ደብዳቤ በኦሎንኮሚ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርጎ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ጉምሩክ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ የሌላ አገር ጉምሩክ፣ ከዚያ የሌላ አገር ፖስታ። በዚህ ሁሉ እጅ ውስጥ ሲያልፍ ማን ምን ያህል ኃላፊነት አለበት? መልሱ እኛ በምንመርጠው የአላላክ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ተራ ደብዳቤ ከሆነ ኃላፊነት የሚባል ነገር የለም። ጠፋ፣ ጠፋ ነው። የአደራ ደብዳቤ ማለትም ሬኮማንዴ ከሆነ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተቀባዩ ሲረከብ ይፈርማል፤ ቢጠፋ ግን በኅብረቱ ደንብ የሚከፈለው ካሳ 30 ኤስዲአር ብቻ ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን 30ው ሲመነዘር 40 ዶላር አካባቢ ይሆናል። በውስጡ የነበረው የ400 ዶላር ቴምብር ቢሆንም ያው ነው። ሦስተኛው ዓይነት ዋጋው ተነግሮ ኢንሹራንስ የተገባለት ዕቃ ነው፤ እዚህ ላይ ካሳው እስከ ተነገረው ዋጋ ድረስ ይሄዳል። ይሁንና ይህ አገልግሎት ወደ ሁሉም አገር ስለማይሠራ ከገዢው ጋር ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ወደ እሱ አገር ይኬድ እንደሆነና ጣሪያው ስንት እንደሆነ መስኮቱ ላይ መጠየቅ ግድ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከተስማማ በኋላ ነው፤ ያኔ የመላኪያው ወጪ ትርፉን ይበላዋል።

"ለምን በግል ኩሪየር አልክም? ውድ ቢሆንም አስተማማኝ ነው" የሚል ይኖራል። ፍጥነቱ እርግጥ ነው። ግን በአየር ለሚጓዝ ጭነት ኃላፊነትን የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት ካሳን የሚቆርጠው በክብደት ነው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያው ለአንድ ኪሎ 26 ኤስዲአር ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 22 ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። ቴምብሩ ከነካርቶኑና ከነፖስታው 100 ግራም ቢመዝን 2.6 ኤስዲአር፣ ማለትም አራት ዶላር እንኳ የማይሞላ ነው። ለብረትና ለቡና የተሠራ ሚዛን ለቴምብር አይሆንም። ላኪው ዋጋውን ለይቶ አስታውቆ ተጨማሪ ከከፈለ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

በሦስቱም መንገድ የምናየው አንድ ነገር ነው። የዕቃው ዋጋ የሚኖረው በተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ካልን ዘንድ ገዢዎች አዘውትረው የሚያቀርቡትን አንድ ልመና እናንሳ፦ "እባክህ ስጦታ ነው ብለህ ጻፍልኝ፣ ዋጋውንም 5 ዶላር አድርገው።" ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአገሩ ቀረጥ ላለመክፈል። ለላኪው ግን ይህ ማለት በገዛ እጁ "ዕቃዬ 5 ዶላር ነው" ብሎ ፈርሞ መስጠት ነው። ከጠፋ በኋላ "ኧረ 300 ዶላር ነበር" ቢል ማን ይሰማዋል? ከዚህም አልፎ የሐሰት መግለጫ የተሰጠበት ዕቃ በጉምሩክ ቢያዝ ፖስታ ቤቱ ተጠያቂ አይሆንም። ቀረጡን ያተረፈው ገዢው፣ አደጋውን የተሸከመው ላኪው።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ። የአባቱን ቴምብሮች ለአውሮፓ ገዢ ሲሸጥ "ዋጋ ከተጻፈበት ሌባ ያየዋል" ብለው ስላስፈራሩት በተራ ደብዳቤ፣ ምንም ሳይጽፍበት ላከ። አልደረሰም ተባለ። የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ምናልባትም ደርሶ ይሆናል፤ ይህንንም ማረጋገጫ የለውም። ሌባ ያየዋል የሚለው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ፖስታው ላይ በትልቁ "ውድ ቴምብር" ብሎ መጻፍ ሞኝነት ነው። የጉምሩኩ መግለጫ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲኤን 22 የምትባለው ትንሿ ቅጽ እስከ 300 ኤስዲአር ለሚደርስ ዕቃ ናት፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ሲኤን 23 ይሞላል። እዚያ ላይ እውነተኛው ዓይነትና ዋጋ ይሰፍራል።

ዓይነቱን በትክክል መጻፍ ገዢውንም ይጠቅማል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ የሰብሳቢ ቴምብር የራሱ ቁጥር አለው፤ 9704 ይባላል። ለምሳሌ ጀርመን መደበኛው የተጨማሪ እሴት ታክስ 19 በመቶ ሲሆን የሰብሳቢ ቴምብር ሲገባ 7 በመቶ ነው። "አሮጌ ወረቀት" ብሎ የጻፈ ላኪ ገዢውን ለክርክር ይዳርገዋል። የካርድ ሻጮች በዚህ ቁጥር እንዳይታለሉ፤ የስፖርት ካርድ ቴምብር አይደለምና እዚያ አይገባም። በነገራችን ላይ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ዋጋ ላለው ዕቃ የነበረው የታክስ ነፃነት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የነበረውን ነፃነት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስታነሳ በርካታ አገሮች ወደዚያ የሚሄድ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። ይህ ለምን ይመለከተናል? ገዢው ቀረጥ ሲጠየቅ "አልወስድም" ካለ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል፤ የመመለሻውም መንገድ ያው የመሄጃው መንገድ ነው፤ አደጋውም እጥፍ። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ መነጋገር ያስፈልጋል።

ስለ አድራሻም አንድ ነገር። እኛ አገር ፖስታ በሳጥን ቁጥር እንጂ ቤት ድረስ እንደማይመጣ ይታወቃል። የራሱ ሳጥን የሌለው ተማሪ የላኪ አድራሻ ብሎ "ጊንጪ" ብቻ ቢጽፍ የተመለሰ ዕቃ ባለቤቱን አያገኝም። የዘመድም ቢሆን የሳጥን ቁጥር ይጻፍ፤ ለሳጥኑ ባለቤትም ይነገረው።

የቁጥሯ ምስጢር

በሬኮማንዴው ደረሰኝ ላይ ያለችውን ቁጥር ብዙዎቻችን ዝም ብለን እናያታለን። አሠራሯ ግን የሚገርም ነው። መጀመሪያ ሁለት ፊደል፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አኀዝ፣ መጨረሻ የአገር ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት አሏት፤ የኛ "ኢ ቲ" ነው። ከዘጠኙ አኀዝ የመጨረሻዋ እንዲሁ የተቀመጠች አይደለችም፤ የሌሎቹ ስምንቱ መቆጣጠሪያ ናት። ስምንቱን አኀዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 እናባዛለን፤ ውጤቶቹን እንደምራለን፤ ድምሩን ለ11 አካፍለን ቀሪውን ከ11 እንቀንሳለን። የወጣው ዘጠነኛው አኀዝ ነው። (10 ከወጣ 0፣ 11 ከወጣ 5 ይጻፋል።)

ለምሳሌ ስምንቱ አኀዞች 10203040 ቢሆኑ፣ 1 በ8 ስምንት፣ 2 በ4 ስምንት፣ 3 በ3 ዘጠኝ፣ 4 በ9 ሠላሳ ስድስት፤ ዜሮዎቹ ምንም አይጨምሩም። ድምሩ 61 ነው። 61 ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል፤ 11 ሲቀነስ 6፣ 5 ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሩ "አር አር 102030405 ኢ ቲ" ይሆናል። ይህ ለሒሳብ ወዳጆች ብቻ የተነገረ አይደለም። ደረሰኙ የደበዘዘበት ወይም ቁጥሩን በእጁ የገለበጠ ሰው አንድ አኀዝ ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ አይገጥምምና ወዲያው ያውቃል። ለገዢውም ሆነ ለፖስታ ቤቱ የተሳሳተ ቁጥር ከሰጡ በኋላ "አይታይም" እየተባሉ ሳምንታት ከማባከን አምስት ደቂቃ ማስላት ይሻላል።

"ዕቃው ሐሰተኛ ነው"

ዕቃው በሰላም ደርሶም ጣጣው ላያልቅ ይችላል። ገዢው "ደርሶኛል፣ ግን እንደተነገረኝ አይደለም" ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ቴምብር ላይ ይህ በተለይ የሚነሳው ተጨማሪ ጽሑፍ በተመታባቸው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 ባሉት ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማኅተም መጀመሪያ በፈረንሳይኛ "ኤትዮፒ"፣ ከዚያ "ቦስታ"፣ ከዚያም "መልክት" የሚል ተመትቶባቸዋል። (የዛሬው ፖስታ ያኔ በ"ቦ" ይጻፍ ነበር።) ተራው ቴምብር ርካሽ፣ ማኅተም የተመታበት ግን ውድ በመሆኑ ርካሹን ገዝቶ የሐሰት ማኅተም መምታት የቆየ ሙያ ነው፤ ብዙውም የተሠራው ውጭ አገር ነው። ስለዚህ አያቱ በሐቀኝነት ያስቀመጡለት ልጅ እንኳ የያዘው ትክክለኛ መሆኑን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ባለሙያ ሳያየው "እውነተኛ ነው" ብሎ መሸጥ ለጥል በር መክፈት ነው። "ያለውን በፎቶው እንደሚታየው እሸጣለሁ፣ ስለ ማኅተሙ ማረጋገጫ አልሰጥም" ማለት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ እንቅልፍ አይነሳም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ገዢው ትክክለኛውን አስቀርቶ የራሱን የተበላሸ ይመልስና "ይኸው ዕቃህ" ይላል። መከላከያው ፎቶ ነው፤ ግን ደኅና ፎቶ። የቴምብር ጥርሶች እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው፤ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ያዘነብላል፤ ማኅተሙም የሚያርፍበት ቦታ በእያንዳንዱ ይለያያል። ፊቱንም ጀርባውንም በጠራ ብርሃን ማንሳት፣ ከተቻለም ሲታሸግ በቪዲዮ መቅረጽ፣ ፎቶውንም ከመላኩ በፊት ለገዢው ልኮ "ይህን ነው የምትገዛው?" ብሎ ማስመስከር ይበጃል። በካርድም ያው ነው፤ አራቱን ማዕዘኖች በየተራ አቅርቦ ማንሳት።

ገንዘቡስ? ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ ክፍያው የሚመጣው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለች አክስት አካውንት በኩል ነው። እንደ ፔይፓል ባሉት አከፋፈሎች ገዢው ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ "አልደረሰኝም" ወይም "እንደተነገረኝ አይደለም" ብሎ ክርክር መክፈት ይችላል። የማድረሻ ማስረጃ ከሌለ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ፊርማም ይጠየቃል። ገንዘቡ የሚመለሰው ከማን ነው? ከአክስት። እሷ ብሩን ቀድማ ለቤተሰቡ ልካለች፣ ቤተሰቡም ለጤፍና ለቤት ኪራይ አውሎታል። አንዲት ቴምብር ዘመድ ስታቀያይም ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ የሚበጀው የክርክሩ ጊዜ እስኪያልፍ ገንዘቡን አለመንካት ነው፤ ለተማሪ ይህ ከባድ መሆኑን አልክድም። ቢያንስ ግን አክስት ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደገባች አስቀድማ ትወቅ።

ማሸጉና የማይላከው

ስለ ማሸግ ረጅም ማለት አያስፈልግም። ደረቅ ካርቶን ከፊትና ከኋላ፣ ካርቶኑ ከዕቃው ሰፋ ያለ፣ በመካከሉ ንጹሕ ወረቀት፣ በላዩ ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ። ፕላስተር ዕቃውን ፈጽሞ እንዳይነካ። ሙጫው ያልተነካ ቴምብር በክረምት ባይላክ ይመረጣል፤ በሐምሌ የጊንጪ ዝናብ መካከል እርጥበት የገባበት ሙጫ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሽታ ያለውና የሚለጠጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ያበላሻል። በደንብ ያልታሸገ ዕቃ ቢጎዳ ካሳ እንደማይከፈልም መታወቅ አለበት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ላሚኔት አታድርጉ! ዲግሪያችንንም፣ የልደት ካርዳችንንም፣ የአባታችንንም ፎቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ላሚኔት ማድረግ እንወዳለን። ቴምብር ወይም ካርድ ላሚኔት ከተደረገ ለሰብሳቢ ሞቷል። የጋለው ፕላስቲክ ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሐድ ማላቀቂያ የለውም።

የድሮ ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። በኅብረቱ ስምምነት መሠረት ሳንቲም፣ የወረቀት ገንዘብ፣ ወርቅና ብር ኢንሹራንስ በሌለው ተራ ደብዳቤ ውስጥ መላክ የተከለከለ ነው፤ በአደራ ደብዳቤም ቢሆን የሚቻለው የሁለቱም አገር ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ "ለሰብሳቢ እሸጣለሁ" ብሎ ጥቂት ያስቀረ ሰው አለ፤ እነሱንም ፖስታ ውስጥ ከማስገባት በፊት መጠየቅ ያሻል። ጠገራ ብር ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ብር ሌላው ነው። 28 ግራም ገደማ የሚመዝን እውነተኛ ብር ስለሆነ ክልከላው ይነካዋል። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 በመሆኑና ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በብዙ ከተሞች በመመታቱ "የድሮ ነው፣ አይደለም" የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ የምኒልክ ዘመን ሰነድና የመሳሰለው ደግሞ ከንግድ ጥያቄ አልፎ የሕግ ጥያቄ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው በሰፊው ሲሆን፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስቀጣል። ጥርጣሬ ካለ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ነው። ተራ ቴምብር ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የአያት ደብዳቤዎች ጥቅል ግን በውስጡ ምን እንዳለ ሳይነበብ መሸጥ የለበትም። የቤተሰብ ታሪክ አንድ ጊዜ ከወጣ በ30 ኤስዲአር አይመለስም።

በሰው እጅ መላክስ?

መቼም ይህን ሁሉ የሰማ አበሻ መጨረሻ ላይ "ለምን በሰው እጅ አልክም?" ይላል። እርግጥም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንድ ፖስታ ማስገባት ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ማዕዘኑም አይታጠፍም። እኔም ባጠቃላይ አልቃወምም። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ ደረሰኝ የለም፤ በክፍያ ክርክር ጊዜ "የአጎቴ ልጅ አድርሷል" ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ ተጓዡ ከዚያ አገር ከገባ በኋላ ያው ለገዢው በፖስታ መላኩ አይቀርም፤ ስለዚህ እሱም በክትትል ቁጥር መላክ እንዳለበት፣ ወጪውም የማን እንደሆነ አብሮ ይነገረው። ሦስተኛውና የሚከብደው፣ ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀው ተጓዡ ነው። ምን እንደያዘ ሳይነገረው "ይቺን ትንሽ ነገር አድርስልኝ" ተብሎ የታሸገ ፖስታ መስጠት ነውር ነው። ፖስታው ክፍት ሆኖ፣ ዝርዝሩና ዋጋው በወረቀት ተጽፎ፣ ተጓዡም አይቶት ይያዝ።

በፖስታ የላከ ሰው ግን ቀን ይቁጠር። የጠፋ ዕቃ እንዲፈለግለት ማመልከት የሚችለው ከላከበት ማግሥት ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ነው። ገዢው ክርክር ሊከፍት የሚችልበት 180 ቀንም ወደ ስድስት ወር ነው፤ የሚቆጠረው ግን ከተከፈለበት ቀን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ዝም ብሎ ቆይቶ በ175ኛው ቀን "አልደረሰኝም" የሚል ገዢ ለላኪው የሚተውለት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ከጊንጪ ወጥቶ ደረሰኙን ፈልጎ፣ ቅጹን ሞልቶ ለማስገባት ይህ በጣም ጠባብ ነው፤ በመካከሉ በዓል ከገባማ አለቀ። ስለዚህ ዕቃው ከተላከ ሁለት ወር ካለፈውና መድረሱ በክትትሉ ካልታየ፣ ገዢው ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ ደረሰኙን ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ የፍለጋ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ካሳው የሚከፈለው በመጀመሪያ ለላኪው ነውና ማመልከቻውን ገዢው ያስገባልኛል ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።